የፔፕሲ ኩባያው ልክ ነው፣ ታሪኩ ግን አይደለም

ባሕር ዳር ውስጥ ሙዚቃ የሚወድ ሆኖ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን ያላየ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በፍላሽና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። አራት ኦስካር አግኝቷል፤ አንዱን የወሰደው የክዊን ባንድ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪን ሆኖ የተጫወተው ራሚ ማሌክ ነው። ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢም አስገብቷል። እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ እናንተም ካላያችሁት እዩት። ዘፈኖቹ ብቻ ይበቃሉ። ይህን የምጽፈው ፊልሙን ላስጠላችሁ ብዬ አይደለም። ስለ ሮክ ባንዶች በሚሠሩ ፊልሞች ላይ የቆየ ቅሬታ አለኝ፤ ይሄ ፊልም ደግሞ ከሁሉም በላይ ቅሬታዬን አጉልቶ ያሳያል፣ በተለይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን።

የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃዎች አስታውሱ። ለንደን፣ ዌምብሊ ስታዲየም፣ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት። ፍሬዲ ነጭ ካናቴራውን ለብሶ እየሮጠ ይወጣል፣ ፒያኖው ጋ ይቀመጣል፣ ሕዝቡ ያብዳል። ፒያኖው ላይ የፔፕሲ ኩባያዎች ተደርድረዋል። እነዚያ ኩባያዎች በእውነተኛው ቀንም እዚያው ነበሩ። የፊልሙ ሰዎች መድረኩን ኩባያው ሳይቀር እንደገና ሠርተውታል። ማሌክ ደግሞ የፍሬዲን አረማመድ፣ የማይክ ዘንጉን አያያዝ፣ እጁን ወደ ሕዝቡ የሚዘረጋባትን ቅጽበት ሁሉ አጥንቶ መጥቷል። አንድ ቀን ሁለቱን ቪዲዮ ጎን ለጎን ከፍቼ አየሁና እጄን በአፌ ጫንኩ። እንዲህ ያለ ትጋት ይከበራል።

ችግሩ ከመድረኩ በፊት ያለው ነው። በፊልሙ መሠረት ፍሬዲ ለብቻው አልበም ለመሥራት ተፈራርሞ ጓደኞቹን ይከዳል፣ ባንዱ ይበተናል፣ ለረጅም ጊዜ አይነጋገሩም። ላይቭ ኤይድ ሲቃረብ ተመልሶ ይቅርታ ይለምናል። ልምምድ ላይ ሳሉም ኤድስ እንዳለበት ይነግራቸዋል፤ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ከዚያ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ስታዩት እንባችሁ ይመጣል። የእኔም መጥቷል።

እውነቱ ይሄ ነው። ክዊን አልተበተነም። እ.ኤ.አ. በ1984 አዲስ አልበም አወጡ፣ በአልበሙም ዓለምን ዞሩ፣ ጉዞውን ጃፓን ላይ የጨረሱት በግንቦት 1985 ነው። ላይቭ ኤይድ የተካሄደው በሐምሌ ነው። ማለት ከመድረክ ከወረዱ ሁለት ወር ገደማ ቢሆናቸው ነው። ለብቻ አልበም በመሥራትም ፍሬዲ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር የራሱን በ1981 አውጥቶ ነበር። ሕመሙን በተመለከተ ደግሞ፣ እስከ መጨረሻው አብሮት የኖረው ጂም ኸተን እንደጻፈው ፍሬዲ ውጤቱን ያወቀው በ1987 ነው። ለሕዝብ የተናገረው ኅዳር 23 ቀን 1991 ነበር፣ በማግስቱ ሞተ። (እነዚህ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ታዲያ ምን አለበት? የሁለት ዓመት ልዩነት ነው፤ ፊልም እኮ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ቀን ብቻ የተቀየረ አይመስለኝም። የተቀየረው ምክንያቱ ነው። ያ ሰው በዚያ ቀን እንደዚያ የዘፈነው፣ ዓመቱን ሙሉ መድረክ ላይ የኖረ ባንድ ስለነበረው ነው። ለዚያች ሃያ ደቂቃ ደግሞ ለንደን ውስጥ ሾው ቴአትር በሚባል ቦታ ገብተው ተለማምደዋል። ሌሎቹ ታላላቅ ባንዶች እንደ ነገሩ ሲወጡ እነሱ ዘፈኖቻቸውን አሳጥረው፣ አንዱን ካንዱ ቀጥለው፣ ተዘጋጅተው መጡ። ውጤቱን ያመጣው ሥራ ነው። ፊልሙ ሥራውን አውጥቶ በምትኩ ሞትን አስገባ። የሚሞት ሰው ከሚለማመድ ሰው ይልቅ ያስለቅሳላ!

የሚያንገበግበኝ ደግሞ የሕመሙ ጊዜ እውነተኛ ታሪክ ከተፈጠረው እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ፍሬዲ ካወቀ በኋላ ጓደኞቹ ምስጢሩን ጠበቁለት። ጋዜጠኛው በር በሩን ሲጠብቅ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። እሱ እየከሳ፣ መቆም እያቃተው፣ ስዊዘርላንድ ሞንትሩ ስቱዲዮ እየገባ ይቀዳ ነበር፤ እስከ 1991 ግንቦት ድረስ። ያን ጊዜ የቀዳው ድምፅ ከሞተ በኋላ በ1995 በወጣው አልበም ላይ አለ። ስሙት። ፊልሙ ግን 1985 ላይ ያበቃል። እውነተኛውን ሐዘን ሳይነካ ትቶ፣ የሐዘኑን ጥላ ወደ ኋላ ወስዶ ላይቭ ኤይድ ላይ ለጠፈው።

ላይቭ ኤይድ ደግሞ የማን ቀን ነበር? ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ሰባ ሰባት። ይህ ቁጥር እኛ ጋ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጎጃም በዚያ ዓመት እንደ ወሎና ትግራይ አልተመታም፤ ግን ረሃቡ ወደ ደጁ መጥቷል። ያኔ መተከል የጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበር። መንግሥት ከወሎም ከሌላም ቦታ ያነሳቸውን ሰዎች በብዙ ሺህ እያጓጓዘ በረሃው ፓዌ ላይ አሰፈራቸው። ወባ ያለቀባቸው አሉ፣ የተረፉ አሉ፣ ኋላ ወደ ቻግኒና ወደ ባሕር ዳር የመጡም አሉ።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ እንዲህ በልጅነታቸው ከወሎ ወደ ፓዌ የመጡ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ምሽት ፊልሙን እያየሁ ገቡና ተቀመጡ፤ ላይቭ ኤይዱ ጋ ደርሶ ነበር። ትንሽ አዩና «ይኼ ሁሉ ሕዝብ ምን ሆኖ ነው የተሰበሰበው ልጄ?» አሉኝ።

«ለእኛ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ለሰባ ሰባቱ ረሃብ ገንዘብ ሲያዋጡ ነው።»

ዝም ብለው ብዙ አዩ። ከዚያ «ታዲያ የኛ ሰዎች የታሉ?» አሉ።

በፊልሙ ያ ረሃብ ከስሙ አልፎ ብዙ ቦታ የለውም። ካሜራው ሕዝቡን ያሳያል፣ መጠጥ ቤቱን ያሳያል፣ የፍሬዲን ወላጆች ቤት ያሳያል፣ ስልክ የሚቀበሉትን ሰዎች ያሳያል። ስልኩም የሚንጫጫው ክዊን መድረክ ላይ ሲወጣ ነው፤ ገንዘቡ በእነሱ የመጣ እስኪመስል ድረስ። በእውነተኛው ቀን ግን የሆነው ሌላ ነው። ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ከተሰጠው ሰዓት ላይ አንድ ዘፈን ቀነሰ። በምትኩ የካናዳው ሲቢሲ ቴሌቪዥን የቀረጸው የረሃቡ ምስል እንዲታይ አደረገ። ዘ ካርስ በሚባል ባንድ ዘፈን የታጀበ አጭር ምስል ነው። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ልገሳው ያለ ልክ የጨመረው ከዚያ ወዲህ እንደሆነ በዝግጅቱ የነበሩ ሰዎች ደጋግመው ተናግረዋል። በዚያ ምስል ላይ ልትሞት ጥቂት የቀራት አንዲት ሕፃን ትታያለች። ያቺ ሕፃን ተረፈች። አደገች፣ ተማረች፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ላይ ላይቭ ኤይት የተባለው ኮንሰርት ሲዘጋጅ መድረክ ላይ ቆማ ለሕዝቡ ተናገረች። ይህን የመሰለ ታሪክ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ፊልም ሠሪ ምን ፈልጎ ይፈጥራል?

ለጋሼ ያን ምስል ከፍቼ አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው አዩት። «ይኼንን ነበር ማሳየት» አሉ። እኔም የምለው እሱኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ማጋነን በፊልም አልተጀመረም። ከላይቭ ኤይድ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984፣ ሙዚቀኞቹ ቦብ ገልዶፍና ሚጅ ዩር ለረሃቡ የጻፉት የገና ዘፈን ነበር። ዝናብ የማይዘንብባት፣ ወንዝ የማይፈስባት፣ ምንም የማይበቅልባት አገር አድርጎ ነው የሚስለን። ያን ዘፈን ዓባይ ከጣና ሲወጣ እያየ ያደገ ሰው ሲሰማው ምን እንደሚል አስቡት። ከዘፈኑ የመጣው ገንዘብ ሰው አድኗል፤ ይህን አልክድም፣ አመስጋኝም ነኝ። ነገር ግን ያ ስዕል እስከ ዛሬ አለቀቀንም። ሰው በውሸት ሲታዘንለትም ይጎዳል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ስዕሉ ይቀራል።

ወደ ፊልሞቹ ልመለስ። ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ጊዜ ማጠሩ አንዱ ነው፤ ሃያ ዓመት የኖረን ባንድ በሁለት ሰዓት መጨረስ ቀላል አይደለም። ሌላው ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው። የባንድ ፊልም ያለ ባንዱ ዘፈን አይሆንም፤ ዘፈኑን ለመጠቀም ደግሞ የባለመብቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2020 ስለ ዴቪድ ቦዊ የተሠራው «ስታርደስት» ፈቃድ ስላላገኘ የቦዊ ዘፈን የሌለበት የቦዊ ፊልም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የዘፈኑ ባለቤት በታሪኩ ላይም ቃል አለው። በ«ቦሄሚያን ራፕሶዲ» የክዊን ጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር ከመጀመሪያው ጀምሮ ሥራው ውስጥ ነበሩ። ከማሌክ በፊት ፍሬዲን ሊጫወት የነበረው ሳቻ ባሮን ኮኸን በ2013 ጥሎ የወጣው ምን ዓይነት ፊልም ይሁን በሚለው ስላልተስማሙ ነው። በሕይወት ያሉት ጨዋ ሆነው ይቀርባሉ፣ ጥፋቱ የሞተው ላይ ይከመራል። በፊልሙ እየዞሩ የሚሠሩ፣ ሚስት ያላቸው፣ በጊዜ የሚተኙት ሌሎቹ ሦስት የባንዱ አባላት ናቸው፤ የሚያጠፋውና ይቅርታ የሚጠይቀው ፍሬዲ ነው።

ክፉ ሰው የተደረገው ደግሞ ፖል ፕሬንተር ነው፣ የፍሬዲ ሥራ አስኪያጅ የነበረው። ምስጢሩን ለጋዜጣ መሸጡ እውነት ነው። ግን የባንዱ ችግር ሁሉ እሱ ላይ ተጫነ። እሱም በ1991 ሞቷል፣ መልስ አይሰጥም። በእንግሊዝም በአሜሪካም ሕግ የሞተን ሰው ስም ማጥፋት አያስከስስም። ፊልም ሠሪዎች ይህን በደንብ ያውቁታል።

ከቆዩት ውስጥ የኦሊቨር ስቶንን «ዘ ዶርስ» ልጥቀስ፣ 1991 ነው የወጣው። ቫል ኪልመር የዘ ዶርስን ባንድ ድምፃዊ ጂም ሞሪሰንን ሆኖ ሲዘፍን ከእውነተኛው መለየት ያስቸግራል። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ሬይ ማንዛሬክ ግን ፊልሙን እስኪሞት ድረስ አልተቀበለውም። ብዙ የሚያነብ፣ የሚያስቅ ጓደኛዬን ሰካራም ብቻ አደረጋችሁት ነው ክርክሩ። አንዲት ምሳሌ ብቻ ላንሳ። በመስከረም 1967 ባንዱ ኤድ ሱሊቫን በሚባለው ትልቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርብ፣ ከዘፈኑ አንዲት ቃል አደንዛዥ ዕፅ ታስታውሳለች ተብሎ ቀይሩ ተባሉ። ሞሪሰን አልቀየረም። ፊልሙ ላይ ወደ ካሜራው ዞሮ ቃሏን ይጮኽባታል። የእውነተኛውን ዝግጅት ቅጂ ስታዩ ግን ምንም ጩኸት የለም። እንደ ወትሮው፣ ዘፈኑ እንደተጻፈ ዘፈነው፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ዝግጅት አልተጠሩም። ለእኔ ያ ዝምተኛ እምቢታ ከጩኸቱ ይከብዳል። ስቶን አላመነውም፤ ተመልካቹ ካልተጮኸለት አይገባውም ብሎ አሰበ።

በዚህ መንገድ ሁሉም ባንድ አንድ ዓይነት ይሆናል። ድሃ ልጆች ይገናኛሉ፣ በአንድ ሌሊት ይታወቃሉ፣ መጠጥና ዕፅ ይመጣል፣ ይጣላሉ፣ አንዱ ይወድቃል፣ በመጨረሻ አንድ ትልቅ መድረክ ላይ ይታረቃሉ። ስሙንና ፀጉሩን ቀይሩት፣ ታሪኩ ያው ነው።

እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ሆቴል ውስጥም ሠርግ ላይም የሚሠራ ባንድ ነበረን፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ሲበተን ወሬው በዛ። በሴት ተጣሉ ተባለ። በገንዘብ ተካካዱ ተባለ። አንዱ ቢላ አወጣ ያለም አለ፤ ይሄን ለእናቴ የነገሯት ናቸው፣ ስንት ቀን ስታለቅስ ከረመች። እውነቱ፣ ድራመራችን ደብረ ማርቆስ ቋሚ ሥራ አገኘ። አምፕሊፋየሩ ተበላሽቶ የማሠሪያ አጣን። ድምፃዊው ልጅ ወለደና ሌሊት መሥራት አልቻለም። አንድ ቅዳሜ ሁላችንም ሳንመጣ ቀረን፣ በሚቀጥለውም እንደዚያው። አለቀ። ባንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው እንዲህ ነው። ይህን ታሪክ ግን ማንም አይጠይቀኝም፤ የሚጠይቁኝ ስለ ቢላው ነው።

ለዚህ ነው «ጌት ባክ» ልቤን የነካው። ፒተር ጃክሰን በ2021 ያወጣው፣ ስለ ቢትልስ፣ ስምንት ሰዓት የሚጠጋ ዘጋቢ ፊልም ነው። ታሪኩ ራሱ ትምህርት ነው። በጥር 1969 ቢትልስ አዲስ ዘፈን ሲሠሩ ካሜራ አብሯቸው ነበር። ያኔ የተቀረጸው ወደ ስልሳ ሰዓት ይጠጋል። ከእሱ ውስጥ ሰማንያ ደቂቃ ገደማ ተመርጦ በ1970 «ሌት ኢት ቢ» በሚል ስም ወጣ። ሲወጣ ቢትልስ ተበትነው ነበር፣ ስለዚህ ተመልካቹ ያየው የፍቺ ፊልም ነው። ፖልና ጆርጅ የሚነታረኩባት አንዲት ትዕይንት የባንዱ ሞት ምስክር ሆና ሃምሳ ዓመት ኖረች። ጃክሰን ያንኑ ቀረጻ ከመጋዘን አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ እንደገና ሲያየው ሳቁም ቀልዱም እዚያው ነበር። የሚያሳዝነውም እዚያው ነበር። አንድም ነገር አልተፈጠረም።

ከሁሉም የምወዳት ጠዋት አለች። ጆን ገና አልመጣም። ፖል ቤዙን ይዞ እንደ ጊታር እየመታ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ጆርጅ ያዛጋል። ሪንጎ ቁጭ ብሎ ያያል። ፖል ይደጋግመዋል፣ ይደጋግመዋል፣ ቃል የሌለው ድምፅ ያወጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለች ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ዘፈን ትመጣለች። እዚያው ዓይናችን ስር! ካዛጋው ጆርጅ ጭምር አብረው ይገቡበታል። ልምምድ ቤት የዋለ ሰው ያን ማዛጋት ያውቀዋል። ያቺን ደቂቃ ማንም ደራሲ አይጽፋትም፣ ቢጽፋትም ማዛጋቱን ያወጣው ነበር። ስምንት ሰዓት ረጅም ነው፣ አሰልቺ የሆኑ ቦታዎችም አሉት። ሻይ ይጠጣሉ፣ ዳቦ ይበላሉ፣ የማይረባ ቀልድ ይቀላለዳሉ። እኔ ግን አንዱንም መቁረጥ አልፈልግም።

ጃክሰንም መራጭ ነው፣ ይህን አልረሳም። ከስልሳ ሰዓት ስምንት ሲመርጥ የእሱም ፍላጎት አለበት፣ በሕይወት ያሉትና የሟቾቹ ቤተሰቦችም ተስማምተውበታል። ዘጋቢ ፊልም ስለሆነ ብቻ እውነት ነው ማለት አይቻልም። «ሰርቺንግ ፎር ሹገር ማን» ስለ ሮድሪገዝ የተሠራ ነው፣ ዲትሮይት ተቀምጦ የጉልበት ሥራ ሲሠራ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሳያውቀው ዝነኛ ስለሆነው ዘፋኝ። የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ደቡብ አፍሪካ ላይ የሆነው እውነት ነው፣ ያስገርማል። ግን ሮድሪገዝ በ1979 እና በ1981 አውስትራሊያ ሄዶ ኮንሰርት አቅርቧል። ፊልሙ ይህን ሳያነሳ አለፈ። ዓለም ጨርሶ የረሳው ሰው ሆኖ እንዲቀርብ ስለተፈለገ አውስትራሊያ ተሰረዘች። ውሸት አልተነገረም፤ እውነት ተደበቀ። ይሄኛው እንዲያውም ለመያዝ ያስቸግራል።

«ኪነ ጥበብ እኮ ነው፣ የፍርድ ቤት መዝገብ አይደለም» ለሚሉኝ መልሴ እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። ጎጃም ልቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ ሰምታችኋል። ታጋንናለች። ሟቹን አንበሳ ታደርገዋለች፣ ከብቱን ታበዛለታለች፣ ሲራመድ መሬት ይንቀጠቀጥ ነበር ትላለች። ማንም ውሸታም አይላትም። ነገር ግን ጥሩ አልቃሽ ከመጀመሯ በፊት ትጠይቃለች። ማን ነበር? ምን ይወድ ነበር? ልጆቹ እነማን ናቸው? ገበሬውን ነጋዴ አታደርገውም። ሁለት ዓመት ያስታመመችውን ሚስቱን ጥላው እንደሄደች አድርጋ አታወርድም። ብትሞክረው እዚያው ለቀስተኛው ያጉረመርማል፤ ሟቹን የሚያውቁት ሰዎች ፊቷ ተቀምጠዋልና። ፊልም ሠሪ ፊት ግን ሟቹን የሚያውቅ ለቀስተኛ የለም። ያለው በሚሊዮን የሚቆጠር እንግዳ ነው፣ የተነገረውን አምኖ የሚሄድ። ስለዚህ ጥንቃቄው ሊበዛ ነበር የሚገባው።

ማጋነን ፈልጎ ለተመልካቹ በግልጽ የሚናገር ፊልምም አለ። በ2002 የወጣው «24 አወር ፓርቲ ፒፕል» ስለ ማንቸስተር ባንዶች ነው። አንድ ቦታ ላይ አንድ አሳፋሪ ነገር ሲፈጸም ያሳየናል። ወዲያው ካሜራው ጥግ ላይ ወደቆመ ሰው ይዞራል። ሰውዬው ታሪኩ የሚመለከተው እውነተኛው ሙዚቀኛ፣ ሃዋርድ ዴቮቶ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ፈጽሞ አላስታውስም ይለናል። ፊልሙ ይቀጥላል። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ተመልካች አልሸሸም፣ ፊልሙም አልተበላሸ። ክዊን ላይ እንዲህ ያለች አንዲት ቦታ ብትኖር እኔ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ነገ የእኛ ነው። የእኛ ባንዶች ታሪክ ገና በወጉ አልተቀረጸም። ዋልያስ ባንድን እንውሰድ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወቱ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ምሽቱን ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለኮንሰርት ሄዱ፤ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዱ። በ1985 ለብቻቸው የቀዱት ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አወቃቸው፣ እንደገናም መድረክ ላይ ወጡ። የውጭ ጋዜጦች ይህን ታሪክ ሲጽፉት የሚጀምሩት ከታክሲው ነው። የተረሳ ሊቅ፣ መሪ ጨብጦ ተገኘ። ይሸጣል። እሳቸው ግን በየቃለ መጠይቁ የሚሉት ሌላ ነው። ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። አላቆሙም። የጠፋ ሰው አልነበረም፣ የሚሠራ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ስለ ዋልያስ ፊልም ሲሠራ የቱ ይቀረጽ ይሆን? የኤርፖርቱ ልምምድ፣ ወይስ የሌለ ጠብ ተፈጥሮ፣ ዝናብ ውስጥ የሚያለቅስ የታክሲ ሹፌር? አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ሰዎች አርጅተዋል። በሕይወት ሳሉ የሚጠይቃቸው ያስፈልጋል፤ ድራሙን ማን እንዳስተማራቸው፣ ለአንድ ሌሊት ስንት ይከፈላቸው እንደነበር፣ ሰዓት እላፊው ሲያልቅ ወደ ቤት በምን እንደሚሄዱ። አዲስ አበባ ያላችሁ የፊልም ልጆች፣ ይህን ሥሩት እባካችሁ። የጎጃምም ታሪክ አለ፤ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ውስጥ የተጫወቱ ሰዎች ዛሬም ማርቆስና ባሕር ዳር ይኖራሉ።

አሁን ደግሞ ዳይሬክተሩ ሳም ሜንዴስ ስለ ቢትልስ አራት ፊልም እየሠራ ነው፣ በእያንዳንዱ አባል ዓይን አንድ አንድ፣ በ2028 ይወጣሉ ተብሏል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። አራት ሰዎች አንዱን ቀን በአራት መንገድ ሲያስታውሱት ማሳየት ከተቻለ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የምጠብቀው ጥር 10 ቀን 1969ን ነው፣ ጆርጅ ሃሪሰን ባንዱን ጥሎ የወጣበትን ቀን። ሌላው ፊልም ቢሆን እዚህ ጋ በር ይሰበራል፣ ጊታር ይወረወራል። ጆርጅ ግን የዚያን ቀን ማስታወሻ ይዟል። ተነሥቶ ስቱዲዮ ሄደ፣ እስከ ምሳ ተለማመደ፣ ከቢትልስ ወጣ፣ ቤቱ ገባ፣ ማታ ሌላ ስቱዲዮ ሄዶ ሠራ፣ ከዚያ ጓደኞቹ ቤት ድንች ጥብስ በላ። ይኸው ነው የጻፈው። በአራቱም ፊልም ያቺን የድንች ጥብስ እፈልጋለሁ፣ ቢያንስ በጆርጁ። ያገኛችኋት ካላችሁ ያኔ ጻፉልኝ።